ጭሱ የጎዳውን ሰው ስትቆጥሩ እማዬንም ቁጠሩልኝ

ለሲያትልና ኪንግ ካውንቲ የሕዝብ ጤና ቢሮ፣ ለዋሽንግተን ስቴት የጤና ዲፓርትመንት፣ ደግሞም ይህን ለሚያነብ የሲያትልና የአካባቢዋ ወገኔ፤

ጤና ይስጥልኝ።

የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። የምኖረው ሬኒየር ቢች ነው። ሥራዬ ከቢከን ሂል እስከ ከንት ያዞረኛል። ስለ ሕመምተኞች አንድም ነገር አልጽፍም፤ ሕጉም ሕሊናዬም አይፈቅዱልኝም። የምጽፈው ስለ ገዛ እናቴ ነው። እሷንም አስፈቅጃለሁ። "ጻፊ፣ ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል" ብላኛለች።

በአማርኛ የጻፍኩት አውቄ ነው። የጭስ ወቅት ሲመጣ "መስኮት ዝጉ፣ ውጭ አትቆዩ" የሚለው ምክራችሁ በአማርኛ ተተርጉሞ ይደርሰናል። ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን። ስለዚህ የሚተረጉምላችሁ ሰው አለ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ወረቀቱ ከእኛ ወደ እናንተ ይሂድ ብዬ ነው።

ኦክቶበር 2022ን ታስታውሳላችሁ። ሴፕቴምበር 10 ቀን በሀይዌይ 2 ዳር፣ ስካይኮሚሽ አጠገብ የተነሳው የቦልት ክሪክ እሳት ከወር በኋላም አልጠፋም ነበር። ዝናቡ እምቢ አለ። ኦክቶበር 19 እና 20 ላይ ሲያትል ከዓለም ትላልቅ ከተሞች ሁሉ የባሰ አየር ያላት ሆና ተመዘገበች፤ ዴሊንና ላሆርን በልጣ። ፀሐይዋ እንደ በርበሬ ቀልታ ነበር የምትወጣው።

እማዬ በዚያ ሳምንት "ምች መታኝ" አለች።

(ይህን ለቢሮው የምትተረጉም ወንድሜ ወይም እህቴ ሆይ፣ እባክህ፣ እባክሽ፣ ምችን "ጉንፋን" ብለህ እንዳታልፈው። ምች ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ራስ ምታቱም፣ ትኩሳቱም፣ ቁርጥማቱም፣ የአፍ ቁስሉም በአንድ ስም የሚጠራበት ነው። ቃሉን እንዳለ ተወውና ትርጉሙን ከጎኑ ጻፍላቸው።)

ለምች የሚደረገውን ሁሉ አደረግን። ጎረቤታችን በረንዳዋ ላይ ዳማከሴ በማሰሮ ተክላለች፤ ከዚያ ቆርጠን አሽተን ሰጠናት። ባሕር ዛፍ ቀቅለን በነጠላ ተሸፍና ታጠነች። እንግዳ ሲመጣ ቡና ተቆላ፣ ዕጣን ተጨሰ፣ መስኮቱ ደግሞ በእናንተው ምክር ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። የውጭውን ጭስ ሸሽተን ውስጥ ሌላ ጭስ ሠራን። ያኔ አላሰብኩትም። በሙያዬ ስለ አስም ስንት ጊዜ ያስተረጎምኩ ሰው ነኝ፤ ግን የእናት ቡና ሲሆን ሰው አያስብም።

በአራተኛው ሌሊት መተኛት አቃታት። ትራስ ደራርባ ቁጭ ብላ ልታድር ስትሞክር አገኘኋትና ይዣት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄድኩ። በር ላይ አውርጃት መኪና ላቆም ዞርኩ። ፓርኪንግ ፈልጌ እስክመለስ ምናልባት አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚያ አሥር ደቂቃ ውስጥ ግን ዋናው ነገር አልቆ ነበር። ነርሷ ምን እንዳመማት ጠይቃታለች። እማዬ በአማርኛ "ልቤን አፈነኝ" ብላለች። የገባት ሰው የለም። ከዚያ ከምታውቃቸው ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት አንዷን አውጥታ "ዊክ፣ ዊክ" (ደከመኝ ለማለት) አለች። ያቺ ቃል ተጻፈች።

ኦክስጅን ለጥቂት ሰዓት ሰጧት፣ ልቧን መረመሩ፣ ግሉኮስ ሰቀሉላት። በደግነት ነው ያስተናገዷት፣ አልዋሽም። ሊነጋጋ ሲል ትንፋሿ ሲመለስ ወደ ቤት ሄድን። ወረቀቱን ያየሁት በማግስቱ ነው። የመጣችበት ምክንያት፦ ድካም። የተገኘው ሕመም፦ ድካምና የሰውነት ፈሳሽ ማነስ። ዘር፦ ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ። ቋንቋ፦ እንግሊዝኛ። ትንፋሽ የሚል ቃል የለበትም። ጭስ የሚልማ ከየት ይምጣ።

ሆስፒታሉን ስም ጠርቼ መክሰስ አልፈልግም። ያን ሌሊት አዳራሹ ሙሉ ነበር፤ ነርሷም ሰው ናት። የቸገረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያ ወረቀት ወደ እናንተ ነው የሚሄደው።

ወገኖቼ ይህን ላያውቁ ስለሚችሉ ትንሽ ላስረዳ። በ2017 በወጣ የስቴቱ ሕግ መሠረት የዋሽንግተን ድንገተኛ ክፍሎች ስለሚመጣው ሰው መረጃ ለጤና ዲፓርትመንቱ ይልካሉ። መረጃው የሚሰበሰብበት ሲስተም ራይኖ ይባላል። ሰውየው ለምን እንደመጣ ነርሷ የጻፈችው ቃል፣ የሐኪሙ የምርመራ ኮድ፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ዘር፣ ዚፕ ኮድ ይላካል። ይህ የሚደረገው ከወራት በኋላ ሳይሆን ወዲያው በየቀኑ ነው። ጭስ ሲመጣ የቢሮው ባለሙያዎች "አስም"፣ "ትንፋሽ ማጠር"፣ "ሳል" የሚሉ ቃላትንና ኮዶችን ይፈልጋሉ፤ ከሌላው ጊዜ ጋር ያስተያዩና ስንት ሰው እንደጨመረ ያያሉ። ሐኪም "ይህን ሰው ጭስ ጎዳው" ብሎ የሚጽፈው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ጭሱ የሚታወቀው እንዲህ በቁጥር ልዩነት ነው።

መንገዱ ይሠራል። ጁን 2023 የካናዳ ጭስ ኒውዮርክን ብርቱካናማ ባደረጋት ጊዜ፣ ጁን 7 ቀን ብቻ፣ ከኒውዮርክ ከተማ ውጭ ባለው የስቴቱ ክፍል በአስም ምክንያት ድንገተኛ ክፍል የሄደው ሰው ከተለመደው በ82 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። እዚህም የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2006 እስከ 2017 ያለውን የስቴቱን የሞት መዝገብ ከጭስ ቀናት ጋር አስተያይተው፣ ጭስ ባለበት ቀን ማግስት ከአደጋ ውጭ ያለው ሞት 2 በመቶ ያህል ከፍ ማለቱን ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ባይኖር "ጭሱ አለፈ፣ ተገላገልን" ብለን እንቀር ነበር። ሥራችሁን አከብራለሁ። ስለማከብረውም ነው የምጽፈው።

ግን እማዬ እዚያ ቁጥር ውስጥ የለችም። "ድካም" ብላችሁ ስለማትፈልጉ። "ምች" ብላችሁም ስለማትፈልጉ።

ለምን "ልቤን" እንዳለች ላስረዳችሁ፤ ይህ የእንጀራዬ ጉዳይ ነው። በእኛ ቋንቋ ልብ የሚባለው የግድ ደም የሚረጨው ልብ አይደለም። "ልቤን አመመኝ" ያለ ሰው ጨጓራውን ሊሆን ይችላል። "ልቤን አፈነኝ" ያለ ትንፋሹን ሊሆን ይችላል። "ልቤ ደከመ" ያለ በእርግጥም ልቡን ሊሆን ይችላል። አንዱ "ደረቴን ከበደኝ" ይላል፣ ሌላዋ "ውጋት ቀሰፈኝ" ትላለች፣ ሽማግሌው "አቅም አነሰኝ" ብለው ዝም ይላሉ። አስተርጓሚ ሲኖር አንድ ጥያቄ ይጨመራል፤ ሲተነፍሱ ነው ወይስ ሲበሉ፣ ሲተኙ ይብሳል ወይስ ሲራመዱ። አስተርጓሚ በሌለበት ያ ሁሉ "ድካም" ይሆናል። ለዚያውም በጭስ ጉዳይ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ፒኤም 2.5 የሚባለው ብናኝ ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል ያነሰ ስለሆነ ሳንባ ላይ አያቆምም፤ የልብና የደም ሥር ሕመምንም ያባብሳል። ልቤ ያለችው እናት የምሯን ልቧን ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህ እንግዲህ ድንገተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ነው። ያልደረሰውስ?

የእኛ ሰው ጭስ አይፈራም። ብዙዎቻችን ያደግነው ማድቤት ውስጥ፣ እናቶቻችን እያለቀሱ እሳት ሲያራግቡ እያየን ነው። "ጭስ ለምዶብናል" የሚል ሰው ሰፈራችን ሙሉ ነው። መልመድ ሳንባን አያድነውም፤ ሐኪም ቤት ከመሄድ ግን ያስቀራል። የሆስፒታሉ ሂሳብ የሚያስፈራው አለ። ፈረቃው የሚያመልጠው አለ። ከጎረቤት ኢንሄለር ተውሶ የሚስብ አለ፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ክሊኒክ ውስጥ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ።

ሹፌሮቻችንን ተመልከቱ። ሲታክ ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁበት ፓርኪንግ ሄዳችሁ አንድ ሰዓት ቁሙ። አማርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ትሰማላችሁ። በቀን አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚነዱ ሰዎች ናቸው። ስቴቱ ለሠራተኞች የጭስ ደንብ አለው፤ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ቋሚ ሆኗል፣ ጥሩ ደንብ ነው። ፒኤም 2.5 በኩቢክ ሜትር 35.5 ማይክሮግራም ሲደርስ አሠሪው ሠራተኛውን ከጭስ የሚከላከልበትን መንገድ መፈለግና ማስክ በነፃ ማቅረብ አለበት። ደንቡ የሚናገረው ግን ለአሠሪ ነው። በአፕ የሚሠራ ሹፌር አሠሪ የለውም፣ በራሱ ነው የሚሠራ የሚባለው። ደንቡ ደግሞ መስኮቱ ተዘግቶ አየሩ በፊልተር የሚጣራ መኪናን አይመለከትም። መንገደኛ ሻንጣ ይዞ በመጣ ቁጥር ግን ሹፌሩ ይወርዳል፣ የኋላውን ይከፍታል፣ በሮቹ ይከፈታሉ፣ በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ። ማታ ቤቱ ሲገባ "ጉሮሮዬን ከረከረኝ" ብሎ ዝንጅብል ሻይ ጠጥቶ ይተኛል። በየትኛው መዝገብ ታገኙታላችሁ? ድንገተኛ ክፍል ቢመጣ እንኳ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቀውና ወደ እናንተ የሚልከው የለም።

በዓላችንም ከጭሱ ጋር ይገጥማል። ሴፕቴምበር 2020 ከኦሪገንና ከካሊፎርኒያ የመጣው ጭስ ከተማዋን የሸፈናት ልክ በእንቁጣጣሽ ነው። በእኛ አቆጣጠር የ2013 አዲስ ዓመት። ኮሮና ስለነበር ቤት ውስጥ መሰብሰብ አይቻልም፣ ጭስ ስለነበር ውጭ መሰብሰብ አይቻልም። ጭሱ ከሳምንት በላይ ቆየ። በ2022 የቦልት ክሪክ እሳትም የተነሳው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ በጳጉሜ 5 ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ መስቀል አለ፣ ደመራ አለ። ከኦገስት አጋማሽ ጀምሮ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ያለው ጊዜ ለእናንተ የጭስ ወቅት ነው፤ ለእኛ ቡሄ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል ነው፤ ሰው የሚሰበሰብበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት። ይህን የሚያውቅ ሰው ዕቅዳችሁ ላይ ቁጭ ቢል ብዙ ነገር ይቀየራል።

አሁን ወደምጠይቀው ልምጣ።

ቋንቋን በደንብ መዝግቡ። "አይቻልም" እንዳትሉኝ፣ ስቴቱ ራሱ ችሎታል። ከ2023 ጀምሮ ሪፖርት መደረግ ያለባቸው ተላላፊ በሽታዎች ላይ የሕመምተኛው ዘርና የሚመርጠው ቋንቋ ዘርዘር ብሎ እንዲጻፍ ደንብ አለ፤ እዚያ ዝርዝር ላይ ኢትዮጵያዊ የሚል አለ፣ አማርኛ የሚል አለ። ሰው ሳንባ ነቀርሳ ሲይዘው አማርኛ ተናጋሪ መሆኑ ይጻፋል፤ ጭስ ሲያፍነው ግን "ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ" ተብሎ ይታለፋል። በዚያ አንድ ሳጥን ውስጥ የጥቁር አሜሪካውያን ነባር ሰፈር በሆነው ሴንትራል ዲስትሪክት አራት ትውልድ የኖረ ቤተሰብም አለ፣ ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣች ተማሪም አለች፣ እማዬም አለች። ችግራቸው አንድ አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት በማርች 2024 ያሻሻለው የዘር መጠይቅ ላይ እንኳ ኢትዮጵያዊ የሚል ሳጥን ገብቷል። ስለዚህ ለጭሱም አድርጉት።

ቁጥራችሁ ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ በአንድ ቀን በአንድ ዚፕ ኮድ ስንት አማርኛ ተናጋሪ ድንገተኛ ክፍል ይገባል? ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ምንም ማለት አይቻልም፤ የሰዎቹን ምስጢር ለመጠበቅም ትንሽ ቁጥር ይፋ አይወጣም። ይገባኛል። ግን በቀን ሳይሆን በወቅት ይደመር። የ2017ን፣ የ2018ን፣ የ2020ንና የ2022ን ጭስ አንድ ላይ አድርጉት። የሰፈሮቻችንን ዚፕ ኮዶች፣ 98118ን ከ98178፣ ከ98168ና ከ98188 ጋር ደምሩት። የአማርኛ፣ የትግርኛ፣ የኦሮምኛና የሶማሊኛ ተናጋሪውን ለየብቻም በአንድነትም እዩት። ያኔ አንድ ነገር ይታያል። ባይታይም "አልታየም" ብሎ መናገር ራሱ መልስ ነው፤ እስካሁን ግን ማንም አልነገረንም።

የምትፈልጓቸውን ቃላት ደግሞ ከእኛ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስፉት። ምን ያህል "ድካም" እና "መፍዘዝ" በጭስ ቀን እንደሚጨምር ፈልጉ፤ በተለይ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ በሆኑትና አስተርጓሚ በሚያስፈልጋቸው ላይ። እኛ አስተርጓሚዎች ግማሽ ቀን ስጡን። ሰዎቻችን መታፈንን በስንት ዓይነት እንደሚናገሩት ዘርዝረን እንሰጣችኋለን። ነርሷ የገባውን ሰው መጀመሪያ በምትጠይቅበት ጠረጴዛ (ትሪያጅ) ላይ የምትለጠፍ አንዲት ገጽ ትበቃለች። ለግማሽ ቀኑ ይከፈለን፤ ይህን ያለ ማፈር እላለሁ፣ ምክንያቱም ማኅበረሰቡን "በነፃ እርዱን" የሚል ስብሰባ ሰልችቶናል።

ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆማችሁ ብቻ አትጠብቁ። ጭሱ በለቀቀ በሳምንቱ ስልክ አስደውሉ፣ በአማርኛ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በር ላይ፣ የኢትዮጵያ ሱቆች ውስጥ፣ ኤርፖርቱ ፓርኪንግ ላይ ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ፦ ትንፋሽ አጥሮዎት ነበር? ሥራ ቀሩ? ሐኪም ጋ ያልሄዱት ለምንድን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል።

መለኪያውንም አምጡት። በስልካችን የምናየው የእሳትና የጭስ ካርታ ላይ ያሉት ትንንሽ መለኪያዎች ብዙዎቹ ሰው በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ የሰቀላቸው ናቸው። ስለዚህ ገንዘብ ባለበት ሰፈር ይበዛሉ። ቢከን ሂል ላይ ጥሩ የመንግሥት መለኪያ አለ፣ አውቃለሁ፤ ኮረብታው ላይ ያለው አየር ግን አውራ ጎዳናው ሥር ካለው የስካይዌይ ወይም የተክዊላ አፓርታማ አየር ጋር ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ደግሞ ጥቂቶቹን ቤት ውስጥ አስቀምጡ፣ ፈቃደኛ በሆኑ ቤተሰቦች ሳሎን። እኛ ከዚያ ኦክቶበር በኋላ አንድ ገዛን። ቡና ሲቆላ መብራቱ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ሲሄድ እማዬ በዓይኗ አየች። ያን ቀን ነው የገባት፣ ከስንት ምክርና ወረቀት በኋላ። አሁን ጭስ በሌለ ቀን ቡናዋን በረንዳ ላይ ትቆላለች፤ ጭስ ባለ ቀን የተቆላ ትጠቀማለች፣ ዕጣኑም ይቀራል። አየር ማጣሪያ መግዛት ስለከበደን አንድ ተራ ቬንቲሌተር ላይ መርቭ 13 የሚባል ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ፊልተር በቴፕ አስረን እሱን እናስነሳለን። ይሠራል። ወገኖቼ፣ እናንተም አድርጉት፤ ቬንቲሌተሩ ግን አዲስና ጤነኛ ይሁን፣ ማንም ሳያየው እንደበራ ትታችሁት አትውጡ።

በመጨረሻ ያገኛችሁትን መልሳችሁ ንገሩን። ከጭሱ ወቅት በኋላ፣ በአማርኛ፣ በሁለት ገጽ። ስንት ሰው ታመመ፣ ከየትኛው ሰፈር፣ ምን አደረጋችሁበት። ማስጠንቀቂያ ብቻ የሚሰማ ሰው ይሰለቻል። የራሱን ቁጥር ያየ ሰው ግን ለሚቀጥለው ዓመት ማስክ ይገዛል፣ እናቱን ሐኪም ቤት ይወስዳል፣ በር ላይም "አስተርጓሚ ጥሩልኝ" ይላል።

ወገኖቼ፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። ሐኪም ቤት ስትገቡ ቋንቋችሁን ራሳችሁ ተናገሩ። እንግሊዝኛ ብትሞክሩም "አማርኛ" በሉ። አስተርጓሚ መብታችሁ ነው፣ አትከፍሉበትም። ጭስ ባለበት ሳምንት ከሆነ ደግሞ "ጭስ" የምትለውን ቃል በአፋችሁ አውጧት፤ ካላላችሁ አትጻፍም።

ስብሰባ ከጠራችሁን እኔ አለሁ፤ ከሥራ ባልደረቦቼም የሚመጡ አሉ። እማዬም መምጣት ትፈልጋለች። ይህን ደብዳቤ ሳነብላት እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችና "ያን ቀን ነርሷን ያልኳትን አሁንም እላለሁ፤ አንቺ ብቻ አጠገቤ ሁኚና አስተርጉሚልኝ" አለችኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የሕክምና አስተርጓሚ፣ ሬኒየር ቢች፣ ሲያትል